ልጆች እስኪተኙ አትጠብቁ

የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ የሁለት ልጆችም እናት። ልጅ ሊያሳክሙ የሚመጡ ወላጆች «ሥራ ውለን ገብተን፣ የምንወደውን ነገር መቼ እንሥራ?» ይሉኛል። መልሴ፦ ከልጆቹ ጋር ሥሩት።

እኔ ስፌት እወዳለሁ። እራት እንደተነሣ ስንደዶውና አክርማው ይወጣል። አክርማ በደረቁ ከተሰፋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ይነካል። ይህ የትንሹ ልጄ ሥራ ነው። አክርማውን በየቀለሙ ይለያል፣ ያርሳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያቀብለኛል። ትልቋ ጥለቱን ትቆጥራለች። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስሌቱ ስለሚለወጥ ደግማ ታሰላለች፤ ስትሳሳት ዙሩን እንፈታዋለን። ወስፌው ግን ሹል ነውና ከእጄ አይወጣም።

ቀጭን ነገር መቆንጠጥና መጠምዘዝ እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልጉትን የጣት ጡንቻዎች ያለማምዳል። ስፌቱ ልጆችን ከስክሪንም ያርቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ደክሞ ለገባ ወላጅ ስልኩን ሰጥቶ ማረፍ እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰዓት መድቡ የማልላችሁ። አንድ ዙር ይበቃል። ለመጀመሪያ ሞሰብ ሳይሆን ትንሽ ሙዳይ ያዙ። ልጁ ከሰለቸው አታስገድዱት፤ እናንተ ቀጥሉ፣ ሲፈልግ ይመጣል።

የሌሊት ተረኛ በምሆንበት ሳምንት ስፌቱ ይቆማል። ቢቀመጥም አይበላሽም። ሥራ ለሚበዛበት ወላጅ የምመርጠው እንዲህ ያለውን፣ ካቆሙበት የሚቀጥል ነገር ነው፤ ጥልፍም ዳንቴልም ይሆናል።