የኮምፒዩተር የመረጃ ሥርዓት አከፋፈል፦ በሥራ ቅደም ተከተል ወይስ በሚለወጠው ነገር?

በኮምፒዩተር የሚሠራ የመረጃ ሥርዓት ሲታቀድ አስቀድሞ የሚከናወነው ተግባር ሥርዓቱን በክፍሎች፣ ማለትም በሞጁሎች፣ መከፋፈል ነው። ክፍፍሉ ግን በምን መመዘኛ ይደረግ? የተለመደው መንገድ የሥራውን ቅደም ተከተል መከተል ሲሆን፣ ይኸውም ምዝገባው አንድ ክፍል፣ የፈተና ውጤቱ ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ ሦስተኛ እየተባለ ነው።

ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ልማድ ነቅፏል። ለምሳሌነት የወሰደው የቃላት ማውጫ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን መስመር የመጀመሪያ ቃል ወደ መጨረሻው እያዛወረ፣ የሚገኙትን መስመሮች ሁሉ በፊደል ተራ ይደረድራል። ፓርናስ ይህንኑ ሥራ በሁለት ዓይነት ከፈለው። በሥራ ቅደም ተከተል በተደረገው ክፍፍል፣ መስመሮቹ በማኅደረ ትውስታ የሚቀመጡበት አኳኋን ቢለወጥ ክፍሎቹ ሁሉ መታረም ይኖርባቸዋል። በሁለተኛው ግን አቀማመጡን የሚያውቀው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ እርማቱ በዚያው ይወሰናል። እንግዲህ ሊለወጥ የሚችል እያንዳንዱ ውሳኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ይሰወር፤ ሌሎቹ ክፍሎች መልሱን ይጠይቁ እንጂ አሠራሩን አይወቁ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን እስከ 1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ድረስ አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል ያበቃ ነበር፤ ፖሊሲው እስከ 8ኛ ክፍል አራዘመው፤ ዛሬ ደግሞ አደረጃጀቱ ወደ 6-2-4 ተመልሷል። «አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው» የሚለው ደንብ በምዝገባው፣ በመምህራን ምደባው፣ በመጻሕፍት ሥርጭቱና በዓመታዊው ስታቲስቲክስ ክፍል ለየብቻ ተጽፎ ቢሆን፣ አንዱ ታርሞ ሌላው ሲዘነጋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ በአንዱ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ፣ በሌላው መካከለኛ ደረጃ ሆኖ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ስሕተት ፕሮግራሙን አያቆመውም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ማንም ሳያስተውለው የመምህራንና የመጻሕፍት ድልድል በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይመሠረታል። የደረጃው ትርጉም በአንድ ክፍል ብቻ፣ ያለፉት መዝገቦች በዘመናቸው ደንብ ይነበቡ ዘንድ ከነዓመተ ምሕረቱ ቢያዝ ግን የሚታረመው አንድ ቦታ ይሆናል። ጳጉሜን አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን የምትሆንበት የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው፤ የተማሪን ዕድሜ የሚያሰላ ክፍል አንድ ይበቃል።

እርግጥ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው በተጠያየቁ ቁጥር የኮምፒዩተሩ ሥራ ሊዘገይ ይችላል፤ ፓርናስም ይህን አልሸሸገም። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው የሚለወጠውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ይህን ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን ሊደርስበት አይችልም። ባለፉት ዓመታት የትኛው ቅጽ፣ የትኛው የማለፊያ ነጥብ፣ የትኛው የወረዳ ወሰን እንደተለወጠ የሚያውቁት ርእሰ መምህሩና የመዝገብ ሠራተኛው ናቸውና፣ ክፍፍሉ ከመነደፉ በፊት የለውጦቹ ዝርዝር ከእነርሱ ሊሰበሰብ ይገባዋል።