አዛን ምንድን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ኩርፊያ ነው። ዲላ በመጣሁበት ዓመት ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ወደ ከተማ ወርደን ሻይ ስንጠጣ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ዝም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ መልስ የለም። በቃ፣ ናቀኝ ብዬ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ለካስ ያኔ አዛን ይሰማ ነበር፤ እሱም ቃሉን እየተከተለ ይደግም ነበር!

ያደግሁት በክርስቲያን ቤት ስለሆነ አዛን ራሱ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አዛን ጥሪ ነው፤ ጸሎቱ፣ ማለትም ሰላቱ፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጠሪው ሙአዚን ይባላል። የአላህን ታላቅነት አራት ጊዜ ያውጃል፤ ከእርሱ ሌላ አምላክ እንደሌለና ሙሐመድ መልእክተኛው እንደሆኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመሰክራል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረ ሰዎችን ወደ ሰላትና ወደ ስኬት ይጠራል። ንጋት ላይ፣ በሱብሂ ብቻ፣ ሰላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ ያክልበታል። (በፈተና ሰሞን ይህችን ቃል ብዙም አልወደድኳትም።) ሰሚውም ቃሉን በለሆሳስ ይደግማል። «ኑ» የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን ኃይልም ብልሃትም ከአላህ በቀር እንደሌለ ይናገራል። ጓደኛዬ ዝም ያለኝ ማውራት ክልክል ሆኖበት ሳይሆን ይህ እንዳያመልጠው ነው።

ጥሪው በቀን አምስት ጊዜ ነው፤ የሚከተለውም ፀሐይን ነው። ዲላ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። የዙህር ሰዓት የሚገባው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መግሪብ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ። በሰሜን አውሮፓ ግን የታኅሣሥና የሰኔ መግሪብ በብዙ ሰዓት ይራራቃሉ።

አጀማመሩስ? ነቢዩ ሙሐመድ በ622 ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ሰዉን ለሰላት በምን እንሰብስብ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ቀንደ መለከትም ደወልም ታስቦ ነበር። እንደሚተረከው አብደላህ ኢብን ዘይድ የሚባል ሰው የጥሪውን ቃል በሕልሙ ሰማ፤ ነቢዩም ድምፁ ያማረ ነውና ለቢላል አስተምረው አሉት። ቢላል ኢብን ረባህ መካ ውስጥ ባሪያ የነበረ፣ በትውልዱ ሐበሻ ነው። ጌታው በጠራራ ፀሐይ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየጫነ ሲያሠቃየው አቡበክር ነፃ አወጡት። በ630 መካ በሙስሊሞች እጅ ስትገባ ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን ያሰማው እሱ ነው። የነጃሺን ታሪክ ስንቶቻችን እናውቃለን፤ ይህን ሳላውቅ ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ግን ትንሽ አሳፈረኝ።

የጌዴኦ ሕዝብ አብዛኛው ፕሮቴስታንት በመሆኑ ገጠር ውስጥ የመስጊድ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው። የጓደኛዬ ቤተሰቦችም እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚኖሩት። በኅዳር፣ በቡና ለቀማ ሰሞን፣ አብሬው ሄድኩ። ሰላት ያለ አዛንም ይሰገዳል ብሎኝ ነበር። አባቱ ግን ፀሐይዋ ስትጠልቅ እጃቸውን ታጥበው ውዱእ አደረጉና ከእንሰቱ ጥግ ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ አቅጣጫ ዞረው ቆሙ። ድምፅ ማጉያ የለ፣ ጎረቤት የለ፤ የሰማናቸው እኔና ልጃቸው ብቻ ነን። ጓደኛዬ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም የያዝኩትን ወሬ አቋርጬ ከቡናው ጆንያ አጠገብ ተቀመጥኩ።