የአልዛይመር አዲሱ መድኃኒት ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም?

«ዶክተር፣ ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ የሚባለው እውነት ነው?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አዎ፣ ተገኝቷል፤ ፈውስ ግን አይደለም።

🧠 እንዴት ይሠራል?
በአልዛይመር ሕመም አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በአንጎል ሴሎች መካከል ይከማቻል። ሌካኔማብ የተባለው አዲሱ መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር እየተሰጠ ይህን ክምችት ያጸዳል። አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ በ2024 ደግሞ ዶናኔማብ የተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት ተከተለ።

📊 ውጤቱስ?
1,795 ሰዎች በተሳተፉበት የ18 ወራት የሌካኔማብ ጥናት የሕመሙ መባባስ በ27 በመቶ ዘግይቷል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ በ18 ነጥብ መለኪያ ሲሰላ ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱት ጋር ያለው ልዩነት 0.45 ነጥብ ብቻ ነው። የጠፋ ትውስታንም አይመልስም።

⚠️ ለማን ይሆናል?
ሕመሙ ገና ለጀመራቸውና አሚሎይድ መኖሩ በምርመራ ለተረጋገጠላቸው ብቻ። በጥናቱ ከወሰዱት 12.6 በመቶው ላይ የአንጎል እብጠት ታይቷል፤ የአንጎል መድማትም ያጋጥማል። ስለዚህ ተደጋጋሚ የኤምአርአይ ክትትል ግድ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

✅ ዛሬ ምን እናድርግ?
• የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠር፣ ሲጋራ ማቆም፣ የመስማት ችግርን መታከም ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድልን ይቀንሳል።
• ወላጆቻችሁ መርሳት ካበዙ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። መጀመሪያ አስመርምሯቸው።