299 እና 301፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ምን ይለካል፣ ምንስ አይለካም?

እስቲ ሁለት ተማሪዎችን በሐሳባችሁ አስቡ። አንዷ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናት፣ ዓለም ከተማ የተማረች። ሌላው የመንዝ ልጅ ነው፣ መሐል ሜዳ የተማረ። ሁለቱም የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ወሰዱ። እሷ ከ600 ነጥብ 301 አመጣች፤ እሱ 299። መቁረጫው 50 ከመቶ፣ ማለትም 300 ስለሆነ እሷ አለፈች፣ እሱ ወደቀ።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፦ እሷ ከእሱ የበለጠ ታውቃለች ማለት እንችላለን?

ፈተና ማለት መለኪያ ነው፤ እንደ ሚዛን፣ እንደ ሜትር፣ እንደ ቴርሞሜትር። ምህንድስና ስንማር ስለ ማንኛውም መለኪያ ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ይነገረናል። ምንድን ነው የሚለካው? ምን ያህል ይሳሳታል? ያነበብነውን ቁጥርስ ለምን ልንጠቀምበት ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለማትሪክ እናቅርብለት።

መጀመሪያ ነገር፣ አንድ ወጥ ፈተና ለምን አስፈለገ?

አንድ ትምህርት ቤት የሚሰጠው 90 እና ሌላው የሚሰጠው 90 እኩል አይደሉም። አንዱ መምህር ነጥብ ይቆጥባል፣ ሌላው ይለግሳል። በትራንስክሪፕት ብቻ ብንመርጥ የሚጠቀመው ለጋስ ትምህርት ቤት የገባው ነው። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲፈተን ግን ቢያንስ ሜትሩ አንድ ይሆናል። ለገጠር ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ዘመድም ሆነ የትምህርት ቤቱ ስም ሳያስፈልገው በወረቀት ላይ ራሱን ማሳየት ይችላል።

ይህ የሚሠራው ግን ሜትሩ ካልተነካካ ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለወጣ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። ከዚያም በኋላ የኩረጃው ነገር አልበረደም። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ።

ውጤቱ አገሩን አስደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ አለፉ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ በአንዳንዱ ዓመት ከሺህ በላይ ሆነዋል።

ቁጥሩ ከ3.3 ወደ 8.4 ስላደገ ተማሪው ጎበዘ ማለት ነው? ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው፣ የተፈታኙ ቁጥር በ2017 ዓ.ም. ወደ 585,882 ወርዷል፤ ማን ፈተና ላይ ተቀመጠ የሚለው ራሱ ተቀይሯል። ሁለተኛው፣ ጥያቄው ከበደ ወይስ ቀለለ የሚለው ነው። የሁለት ዓመት ፈተና በትክክል የሚወዳደረው ሁለቱን የሚያያይዙ የጋራ ጥያቄዎች ሲኖሩ ነው። ያለበለዚያ «50 ከመቶ» በየዓመቱ የሚረዝምና የሚያጥር ሜትር ይሆናል። 50 ክብ ቁጥር ስለሆነ ለጆሮ ይመቻል እንጂ እንደ ውኃ መፍያ ነጥብ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው አይደለም።

የሚወዛወዝ ስህተት

ወደ 299 እና 301 እንመለስ። ፈተና የምታውቁትን ሁሉ አይጠይቅም። ከአራት ዓመት ትምህርት ጥቂት ጥያቄ ጨልፎ ነው የሚያወጣው፤ ልክ እናታችሁ ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ ለማወቅ በጭልፋ ጠብ አድርጋ እንደምትቀምሰው። ጭልፋው አንዳንዴ ቅመም የበዛበት ቦታ ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴ አያርፍም።

ይህን በቁጥር ማየት እንችላለን። አንድ ተማሪ የትምህርቱን ልክ ግማሽ ያውቃል እንበል። እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ የሚይዙ 600 ጥያቄዎች ቀረቡለት። በአማካይ 300 ያገኛል። በየጊዜው ግን ልክ 300 አያገኝም። በቀላሉ የፕሮባቢሊቲ ስሌት መወዛወዙ የ600 × 0.5 × 0.5 ስኩዌር ሩት ነው፤ 12 ገደማ። ይህ ምን ማለት ነው? ያው ተማሪ፣ በያው እውቀት፣ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ቢደርሰው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ከ288 እስከ 312 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከሃያ ጊዜ በአሥራ ዘጠኙ ደግሞ ከ276 እስከ 324 ባለው ውስጥ ይሆናል። የጥያቄው ብዛት ከ600 ሲያንስ መወዛወዙ ይብሳል።

ስለዚህ ግማሹን የሚያውቅ ተማሪ የማለፍ ዕድሉ ሳንቲም ወደ ላይ እንደመወርወር ነው። በ299 እና በ301 መካከል ያለው ልዩነት የእውቀት ልዩነት መሆኑን ከፈተናው ብቻ ማወቅ አይቻልም። በ299 እና በ450 መካከል ያለው ግን የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ እዚያ ላይ መለኪያው በደንብ ይለያል። በጭፍን ግምት ብቻ ማለፍም አይታሰብም። ጥያቄው ሁሉ አራት ምርጫ ቢኖረው ግምት በአማካይ 150 ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ተነስቶ 300 መድረስ በተግባር የማይሆን ነገር ነው።

መሐንዲስ ልኬቱ ጠርዝ ላይ ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ደግሞ ይለካል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሬሜዲያል ፕሮግራም፣ ሌላ ዓላማ ቢኖረውም፣ ይህን ሥራም ይሠራል። ከ50 ከመቶ በታች ካመጡት የተመረጡት ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ገብተው የጎደላቸውን ይማራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይፈተናሉ።

የማይወዛወዝ ስህተት

የሚወዛወዝ ስህተት ጥያቄ በማብዛት ይቀንሳል። ሌላው ዓይነት ግን አንድ ሺህ ጥያቄ ብትጨምሩበትም ንቅንቅ አይልም።

የመንዝ ገበሬ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከአንድ ጎተራ የወጣ የገብስ ዘር ሁለት ማሳ ላይ ተዘራ። አንዱ ማሳ ለም ነው፣ ውርጩም ሳያገኘው አለፈ። ሌላው ጭንጫ ነው፣ ለዚያውም ውርጭ መታው። ከመጀመሪያው 20 ኩንታል፣ ከሁለተኛው 12 ኩንታል ተገኘ እንበል። ሚዛኑ አልዋሸም፤ 12 ኩንታል 12 ኩንታል ነው። «የትኛው ዘር ይሻላል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ግን የኩንታሉ ቁጥር ብቻውን ያሳስተዋል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ተማሪ ማሳ ምን ይመስላል? በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መንዝና ግሼ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ሰላም በነበረበት ጊዜም ቢሆን ፊዚክስን ቤተ ሙከራ ሳያዩ መጨረስ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ከቤት የመጣ ስንቅ እየበሉ መማር እዚያ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ሆኖ 310 ያመጣ ልጅና ሁሉ ተሟልቶለት፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት 330 ያመጣ ልጅ የትኛው ነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተሻለ የሚሠራው? ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። «ስለዚህ ፈተናው ውሸት ነው» ብለን መደምደም አንችልም። ካልኩለስ ያልተማረ ልጅ፣ ያልተማረው በጦርነት ምክንያት ይሁን በስንፍና፣ የምህንድስና አንደኛ ዓመት ላይ መቸገሩ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ውጤቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንዲመልስ እየጠየቅነው ነው። አንዱ «ተማሪው ዛሬ ዝግጁ ነው ወይ?» የሚል ነው፤ ይህን በደንብ ይመልሳል። ሌላው «ዕድሉን ቢያገኝ የት ይደርሳል?» የሚል ነው፤ ይህን ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ሳናይ ሊመልስልን አይችልም። አንድ መቁረጫ ነጥብ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ከየትምህርት ቤቱ ከፍተኛው 10 ከመቶ ውስጥ ሆኖ የሚጨርስ ተማሪ የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቀበሉት አደረገ። ልጁ የሚወዳደረው በያው ማሳ ላይ ካደጉት ጋር ነው ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን ፈተና ከመግቢያ መስፈርቱ ጨርሶ አወጣው። ኤም አይ ቲ በተቃራኒው በወረርሽኙ ጊዜ ያቆመውን ፈተና በ2022 እ.ኤ.አ. መለሰው። ምክንያቱ ይገርማል፦ ፈተናው ከሌለ ከፍ ያለ የሒሳብ ኮርስ በማይሰጥ ትምህርት ቤት የተማሩ ጎበዝ ልጆችን ለይቶ ማግኘት ይከብዳል የሚል ነው። ውጤቱንም የሚያነቡት ተማሪው ካደገበትና ከተማረበት ሁኔታ ጋር አያይዘው ነው።

በእኛም አገር ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ሲሰጥ ኖሯል። ግን ይህ በጅምላ የሚሰጥ ማስተካከያ ነው። ከእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ጎን የትምህርት ቤቱ አማካይ ቢጻፍ ብዙ ነገር ይታየን ነበር። አማካዩ 170 በሆነበት ትምህርት ቤት 299 ማምጣትና አማካዩ 400 በሆነበት 299 ማምጣት ፈጽሞ አይገናኙም። ይህን ለማድረግ አዲስ ፈተና አያስፈልግም፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ኮምፒውተር ውስጥ አለ።

ውጤታችሁን ስታዩ

ፈተናው ገና ከሆነ፣ ስህተቱ የማያሰጋችሁ ከጠርዙ ራቅ ስትሉ ነው። 300ን ሳይሆን ቢያንስ 330ን እያሰባችሁ አጥኑ፤ ከላይ ባየነው ስሌት ያኔ መጥፎ ቀን እንኳ ቢገጥማችሁ ከመስመሩ በታች የመውረድ ዕድላችሁ በጣም ትንሽ ነው።

ውጤቱ ወጥቶ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ካላችሁ ደግሞ፣ ያ ቁጥር የሚለው «በዚያ ቀን፣ በእነዚያ ጥያቄዎች፣ እስከዚያ ድረስ ከተማርኩት ይህን ያህል መለስኩ» ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አይልም። ሬሜዲያል ከደረሳችሁ ግቡ፣ እንደገና መፈተን ከቻላችሁ ተፈተኑ። ታናናሾቻችሁ ወይም ጎረቤት «ስንት አመጣህ?» ብለው ሲጠይቁም ቁጥሩን ንገሯቸው፤ ከየትኛው ማሳ እንደመጣም ጨምሩበት።