ሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ፦ ማጣሪያውን ለማለፍ

ሲቪ የአመልካቹን ትምህርትና የሥራ ልምድ በአጭሩ የሚያሳይ ሰነድ ሲሆን፣ የማመልከቻ ደብዳቤ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ለተፈለገው የሥራ መደብ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ያብራራል። በኢትዮጵያ የሥራ ማስታወቂያዎች የሥራ ልምድ በዓመት ተለክቶ ስለሚጠየቅ፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ በአብዛኛው ማስረጃን ከመስፈርት ጋር ማመሳከር ነው፤ ስለዚህም «ታታሪና ታማኝ» ከሚል ውዳሴ (ማን ሰነፍ ነኝ ብሎ ያመለክታል?) ይልቅ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ወርና ዓመት ለይቶ መጻፍ ይበልጣል። የኢትዮጵያና የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያዩ፣ ሁለቱን በአንድ ገጽ ያለ ምልክት የቀላቀለ አመልካች እውነተኛ ልምዱን ራሱ አጠራጣሪ ያደርገዋል። ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት ለተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ስለሚጠይቁ፣ የሲቪው ቀናት ከዚሁ ማስረጃ ጋር መጣጣም ይኖርባቸዋል።