ውሃ፣ ማጂ፣ ቢዮ፦ በኢስትሊ የአጸደ ሕፃናት አመራረጥ

በናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር አንድ ሕፃን አንደኛ ክፍል እስኪደርስ የሚውልባቸው ቤቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። «ደይኬር» የሚባለው ማቆያ ገና ጡት ያልጣሉትን ሳይቀር ይቀበላል፤ ብዙ ጊዜ የአንዲት ሴት መኖሪያ ቤት ነው። «ፕሌይግሩፕ» የሦስት ዓመት ልጆች መዋያ ነው። ሦስተኛው ሁለት ዓመት የሚፈጀው ቅድመ መደበኛ ነው፤ ፒፒ 1 እና ፒፒ 2 ይባላል፣ ልጆች በአራት ዓመታቸው ይጀምሩታል። የሶማሌ ልጆች ከዚህ ጎን ለጎን ቁርኣን ወደሚቀሩበት ዱግሲ ይሄዳሉ፤ የኢትዮጵያ ልጅ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ይቆጥር እንደነበረው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርትንና የሕፃናት ማቆያን ለካውንቲዎች ሰጥቷል። ስለዚህ ወላጅ ማየት ያለበት የናይሮቢ ካውንቲን ፈቃድ ነው፤ «ማመልከቻ አስገብተናል» የሚል መልስ ፈቃድ አይደለም። የመንግሥት አጸደ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2023 በተጀመረው «ዲሺ ና ካውንቲ» የምገባ ፕሮግራም ምሳ ያበላሉ፤ ከወላጅ የሚጠበቀው በቀን 5 ሽልንግ ነው። በግል ቤቶች ግን ምግቡ በክፍያው ውስጥ ይኑር አይኑር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ቤቱን መመርመር ብዙ ጊዜ አይወስድም። በኢስትሊ ግቢ ማለት ብርቅ ነገር ነው። መጫወቻው ጣሪያ ላይ ከሆነ የአጥሩ ቁመት፣ ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ የደረጃው መደገፊያና የመስኮቱ ፍርግርግ ይታያል። የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን፣ የከሰል ምድጃው የተቀመጠበት ቦታ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ጽዳት እንዲሁ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረጅም ዝናብ መንገዱ ጎርፍ ስለሚሆን፣ በደረቅ ቀን አሥር ደቂቃ የሚያስኬደው ቤት በዝናብ ቀን ስንት እንደሚፈጅ ማሰብ ይበጃል።

ብዙ ወላጅ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ደብተር ይቆጥራል። የቤት ሥራ በዛ ማለት ትምህርቱ ጠነከረ ማለት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በመላ ኬንያ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ለቅድመ መደበኛ የቋንቋ፣ የሒሳብ፣ የአካባቢ፣ የፈጠራ እንዲሁም የሃይማኖት «ተግባራት» ይላል እንጂ «ትምህርቶች» አይልም፤ ስሙ ራሱ ልጁ እንዲሠራ እንጂ እንዲገለብጥ አለመታሰቡን ይናገራል።

ከደብተሩም የባሰው ግን የቋንቋው ስሕተት ነው። «እቤት አማርኛ ከተናገርነው እንግሊዝኛው ይበላሻል» እየተባለ፣ ኢትዮጵያዊ እናትና አባት ራሳቸው በቅጡ በማያውቁት እንግሊዝኛ ልጃቸውን ያናግራሉ። ልጁም የወላጆቹን አማርኛ ሳይወርስ የወላጆቹን ስሕተት ይወርሳል። የኬንያ ፖሊሲ ራሱ በታችኛው ክፍል ልጁ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ቅይጥ ሕዝብ ባለበት ከተማ ደግሞ ስዋሂሊን ይዞ እንዲጀምር ይላል። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በደንብ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን የሚሰካበት ቦታ አለው፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መደባለቁም የመደናገር ምልክት አይደለም።

አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ሕፃን ዝም ይላል። ዝምታው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ጆሮው ሥራ ላይ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ይሰማል፣ ከመሰየሙ በፊት ይጠቁማል። ይህን የማያውቅ ቤት ልጁን «ስሎው ነው» ብሎ ከኋላ ያስቀምጠዋል። እቤቱ በአማርኛ እየለፈለፈ ክፍል ሲገባ ብቻ ዝም የሚል ልጅ አያሳስብም። በሁለቱም ቦታ ዝም የሚል ከሆነ ግን ጆሮውን ማስመርመር ያስፈልጋል።

ጥሩውን ቤት ከመጥፎው ለመለየት ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ኡጂ በሚቀርብበት ጊዜ ጥግ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ኡጂ የኬንያ አጥሚት ነው፤ ከጠጡት በኋላ ልጆቹ ይጠማሉ። አንዷ ባዶ ኩባያዋን ይዛ «ውሃ» ትላለች። ሶማሌው ጎረቤቷ «ቢዮ»፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ኦሮሞ «ቢሻን» ይላል። አንዳንዷ መምህርት «በእንግሊዝኛ ካልጠየቅሽ አታገኚም» ብላ ኩባያውን ትይዛለች። ልጅቷ ቃሉን አትማርም፤ የምትማረው አለመጠየቅን ነው። ሌላዋ መምህርት አማርኛ ባታውቅም ዓይኗ ኩባያው ላይ ነው፤ ትቀዳለች፣ ስትሰጣትም በስዋሂሊ «ማጂ» ትላለች። በማግሥቱም እንዲሁ። እንዲህ ባለው ቤት ውሎ አድሮ ሦስቱም ልጆች በአንድ ድምፅ «ማጂ!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፤ እናቶቻቸው ዘንድ ሲመለሱ ደግሞ ውሃ፣ ቢዮና ቢሻን እንደነበሩ ናቸው።

ወላጅም የራሱ ድርሻ አለው። ልጅን «ማጂ» እና «ቾ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳያስተምሩ መላክ ቸልተኝነት ነው፤ ቾ መጸዳጃ ቤት ነው፣ ይህን ቃል ያላወቀ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ልብሱን አርጥቦ ይመለሳል፣ በሁለተኛው ቀን አልሄድም ይላል።

ቁንጥጫና አለንጋን በተመለከተ ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. የ2013 የኬንያ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል። «ለእኔ ልጅ ትንሽ ቁንጥጫ ፈቅጃለሁ» የሚል ኢትዮጵያዊ ወላጅ አይታጣም፤ በሕግ የተከለከለውን ግን ወላጅ ሊፈቅድ አይችልም። ይኸው ሕግ ልጅ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በቋንቋው ምክንያት ከምዝገባ እንዳይገለል ይደነግጋል።

የትምህርት ዓመቱ የሚከፈተው በጥር መባቻ እንጂ በመስከረም አይደለም። በእንቁጣጣሽ ልምድ ነሐሴ ላይ ቤት መፈለግ የሚጀምር ሰው የሚደርሰው የመጨረሻው ተርም ላይ ነው፤ ልጁም ተግባብተው ከጨረሱ ልጆች መሐል ይገባል። ፍለጋው በኅዳር ቢጀመር ይሻላል።

የመረከቢያ ሰዓትና የተረካቢው ማንነት በጽሑፍ ይያዛል፤ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሲመጣ ልጅ የሚሰጥ ቤት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ አይመረጥም። በሰዓቱ በኩል ኢትዮጵያዊ ዕድለኛ ነው፤ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋት ይቆጥራል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት 3:30 ሲል፣ የበሩ ዘበኛ «ሳ ቲሳ ና ኑሱ» ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማለት ነው።