የበሽታው ስምና የቀረው እይታ፦ ዝቅተኛ እይታ ያላቸው ሕሙማን የሕክምና ኮድ አሰጣጥ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የግላኮማ ታማሚ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ታይቶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት እንበል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ግላኮማ» የሚለው ቃል ብቻ ከሆነ፣ ተቀባዩ ባለሙያ የበሽታውን ስም እንጂ ታማሚው ምን ያህል እንደሚያይ አያውቅም። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ (አይ ሲ ዲ-10) ሁለቱ የተለያዩ ኮዶች አሏቸው፦ ግላኮማ በኤች40፣ የእይታ ጉድለቱ ደግሞ በኤች54 ይመዘገባል።

ኤች54 በደረጃ የተከፈለ ነው። በሁለቱም ዓይን ሲታይ የእይታ ጥራቱ ከ6/18 በታች ሆኖ እስከ 6/60 ከሆነ መካከለኛ (ኤች54.2)፣ ከ6/60 በታች ሆኖ እስከ 3/60 ከሆነ ከባድ (ኤች54.1)፣ ከ3/60 በታች ከሆነ ዓይነ ስውርነት (ኤች54.0) ይባላል። መለኪያው ታማሚው እንደመጣ፣ መነጽር ካለውም መነጽሩን እንዳደረገ የሚወሰድ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ1992 ትርጓሜ ግን «ዝቅተኛ እይታ» ከሕክምናና ከመነጽር በኋላም የሚቀረውን ጉድለት ይመለከታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005–2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በኢትዮጵያ የዝቅተኛ እይታ ሥርጭት 3.7 በመቶ መሆኑን፣ ከዚህም 33.4 በመቶ የሚሆነው በመነጽር ሊታረም በሚችል ችግር የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ካርዱ ላይ ከመነጽር በፊትና በኋላ ያለው መጠን ተለይቶ ካልተጻፈ፣ መነጽር ብቻ የሚበቃው ሰውና የማገገሚያ አገልግሎት የሚያሻው ሰው በአንድ ኮድ ሥር ይወድቃሉ።

ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው የእይታ መስክ ነው። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ከዳር ጀምሮ በመሆኑ፣ ታማሚው በሰንጠረዡ ላይ 6/9 እያነበበ ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ከጎኑ የሚመጣውን ከባድ መኪና ላያይ ይችላል። የፊደሉ ውጤት ብቻ የተጻፈለት ይህ ሰው ኤች54.3፣ ማለትም «ቀላል ጉድለት ወይም ጉድለት የሌለበት» ይሆናል። በተሻለው ዓይኑ የሚያየው መስክ ከመሐል ነጥቡ ዙሪያ ከ10 ዲግሪ የማይበልጥ መሆኑ ተለክቶ ቢጻፍ ግን በምደባው መሠረት ኮዱ ኤች54.0 ነው። ዓይኑ ያው ነው፤ የተለወጠው በካርዱ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ኮድ የሚሰጠው ሠራተኛ ታማሚውን አያየውም፤ የሚያየው ካርዱን ነው፤ ያልተጻፈውንም መገመት አይገባውም። መጠኑ ካልሰፈረ የሚቀረው ኤች54.9፣ «ያልተገለጸ» የሚለው ነው።

የእይታ መስክ መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው ከታማሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጣቱን ከዳር ወደ መሐል እያንቀሳቀሰ መስኩን በግምት መመርመር ይችላል። ይህ ምርመራ ዲግሪ ስለማይሰጥ ለኤች54.0 አይበቃም፤ ነገር ግን «የዳር እይታ ጠቧል» ተብሎ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከሰፈረ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል የፊደል ሰንጠረዡን ውጤት አይቶ ከማሰናበቱ በፊት መስኩን እንዲለካ ምክንያት ይሆነዋል።